የድሮውን የጓሮ መስኖ መጠገን፣ መቀየር ወይስ መተው? ለወሎ ጓሮዎች የሚሆን ማነጻጸሪያ

ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ሲቆም የጓሮ መስኖ ያለው ሁሉ ወደ ጓሮው ይዞራል። ክረምቱን ማንም ዞር ብሎ ያላየው ቱቦ አሁን ይፈለጋል። ቫልቩ ይከፈታል። ውሃው ጎመኑ ጋ መድረስ ሲገባው አጥሩ ስር ይፈነዳል። እሱን ሲያስሩት ሌላ ቦታ ይፈሳል። ሁለተኛውን ሲይዙት የመጀመሪያው ይለቃል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ልብስ በጭቃ፣ አፍ በእርግማን ይሞላል።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። ልጠግነው? ልቀይረው? ለቧንቧ ሠራተኛ ልስጠው? ወይስ ነቅዬ ወደ ባልዲ ልመለስ? ደሴ ዳገት ላይ ያለ ጓሮና ቆቦ ሜዳ ላይ ያለ ጓሮ ለዚህ አንድ መልስ የላቸውም።

የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ከማጣሪያው ወዲህ ያለውን ጠግኑ፤ ከማጣሪያው ወዲያ ያለውን ቀይሩ። ወዲህ የምለው በርሜሉን ወይም ሮቶውን፣ መቆሚያውን፣ ቫልቩንና ፓምፑን ነው። ወዲያ የምለው መሬት ላይ የተዘረጉትን፣ በየቀዳዳቸው ውሃ ጠብ ጠብ የሚያደርጉትን ቀጫጭን የጠብታ መስኖ ቱቦዎች ነው። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይሠራዋል። የተቀደደ ቱቦ በላስቲክ ሲያስር ይውላል፤ ማጣሪያውን ግን ከፍቶ አያየውም። ጭራሽ ማጣሪያ የሌለው መስኖም ሞልቷል። የናንተ እንደዚያ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ከእሱ ጀምሩ።

ምኑ ነው የታመመው?

የጠብታ መስኖ ሲደክም ነገሩ ከሦስት አያልፍም። ግፊቱ አንሷል፣ ቀዳዳው ተደፍኗል፣ ወይም ውሃው መንገድ ላይ እየፈሰሰ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሚሊ ሊትር የተጻፈበት ዕቃ ይበቃል። የልጆች ሽሮፕ መስፈሪያም ይሆናል፤ ሲሞላ እየደፉ መቁጠር ነው። ከአንድ ቀዳዳ ስር አስቀምጡትና 6 ደቂቃ ጠብቁ። ያገኛችሁትን በ10 ስታባዙ በሰዓት የሚወጣው ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ደህና ቱቦ ያለ ጥፋቱ ይጣላል። ቱቦው ሲሸጥ በሰዓት 2 ወይም 4 ሊትር ይሰጣል ይባላል። ልክ ነው፣ ግን ግፊቱ 1 ባር ሲሆን ነው። 1 ባር ማለት 10 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ውሃ የሚሰጠው ግፊት ነው። የኛ በርሜል ደግሞ ድንጋይ ተደርድሮለት ቢበዛ 1 ሜትር ቢነሳ ነው። ግፊቱ አንድ አስረኛ ሆነ ማለት ነው። ደግነቱ የውሃው መጠን የዚያን ያህል አይወርድም፤ ወደ ሲሶ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 2 ሊትር የተባለ ቀዳዳ በ6 ደቂቃ 60 ሚሊ ሊትር አካባቢ ከሰጠ ጤነኛ ነው። 200 ካልሞላ ብላችሁ አትንቀሉት። በርሜሉን ወደ 2 ሜትር ብታነሱት 90 ገደማ ይደርሳል። መቆሚያው ግን የሚሸከመውን ይወቅ። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው፣ ከስሩም ልጆች ይጫወታሉ።

አሁን የመስመሩን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀዳዳ ለኩ። ሁለቱም እኩል ከደከሙ ችግሩ ከማጣሪያው ወዲህ ነው፤ ወይም ማጣሪያው ራሱ ነው። የመጀመሪያው ደህና ሆኖ የመጨረሻው ከሞተ፣ መሐል ላይ ፍሳሽ አለ ወይም ጫፉ ላይ ደለል ተከማችቷል። የቱቦውን ጫፍ ከፍታችሁ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ልቀቁት። አንዳንዴ የሚያስፈልገው ይህቺ ብቻ ናት። አንዱ ቀዳዳ እየሠራ ጎረቤቱ ከደረቀ ደግሞ መደፈን ነው።

ጠጋግኖ መቀጠል

ገንዘብ አይፈልግም ይባላል። ጊዜ ግን ይበላል፤ እሱን ማንም አይቆጥረውም።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደው ጥቁሩ የላስቲክ ቱቦ በማጣበቂያ አለመያዙ ነው። ለፒቪሲ የሚሆነው ሙጫ እዚህ ላይ አይሠራም። ሱፐር ግሉም እስኪደርቅ ያታልላል እንጂ ውሃ ሲመጣ ይላቀቃል። ፕላስተር ደግሞ ለሁለት ቀን ነው። የሚሠራው አንድ መንገድ ነው። የተቀደደውን ቆርጦ ማውጣትና በማገናኛ መቀጠል። ቸኩላችሁ ከሆነ ከጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ አጥብቆ ጠምጥሞ በፋሸታ ማሰር ለአንድ ወቅት ያሻግራል።

ማገናኛውም የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ ቱቦ 16 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሌላው 17። በዓይን አይለዩም። 16ቱ ማገናኛ 17ቱ ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ግፊት ሲመጣ ደግሞ ሹልክ ይላል። ሱቅ ስትሄዱ ከአሮጌው ቱቦ ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ። ባለሱቁ «ይሄ ለሁሉም ይሆናል» ካላችሁ እዚያው ፊቱ አስገቡትና ሳቡት። ማገናኛው አልገባ ሲል ቱቦውን በጥርስና በቢላ አትታገሉት። ጫፉን የፈላ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሰከንድ ንከሩት። ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይጨብጣል።

መጠገን የሚያዋጣው ቱቦው ራሱ ገና ነፍስ ካለው ነው። አንድ ጫፍ ያዙና እጠፉት። ነጭ ሰረዝ ካወጣ ወይም ከተሰነጠቀ ፀሐይ ጨርሳዋለች። ዛሬ እዚህ ብትይዙት ነገ ክንድ በማይሞላ ርቀት ይፈነዳል። እንዲህ ያለውን መጠገን ልፋት ብቻ ነው። ታጥፎ ምንም ካልሆነ፣ ችግሩም አይጥ ወይም ፍልፈል የበላው አንድ ሁለት ቦታ ከሆነ፣ ጠግኑት። ፍልፈል ያለበት ጓሮ ላይ ቱቦ አለመቅበር ይሻላል። ላይ ሲሆን ቢያንስ ጉዳቱ ይታያል።

መደፈን ሦስት ዓይነት ነው

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልጽፍ። ሰው ሁሉ የተደፈነ ቀዳዳ በመርፌ ሲወጋ ይውላል። መርፌ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ከዚያ አንዱ ይዘንባል፣ ሌላው ይደርቃል።

የደፈነው ደለል ከሆነ መድኃኒቱ ማጠብና ማጣሪያ ነው። ከወንዝ ወይም ከቦይ የሚጠልፍ ሰው ይህን ያውቀዋል። በርሜል ውስጥ ውሃው አድሮ ይጥለል። መውጫውም ከበርሜሉ ወለል አራት ጣት ያህል ከፍ ይበል። መውጫው ወለሉ ላይ ከሆነ የተጠራቀመውን ጭቃ በየቀኑ ወደ ቱቦ እየላካችሁ ነው። ማጣሪያ ስትገዙ 120 ሜሽ የተባለውን ጠይቁ። ለጠብታ መስኖ የተለመደው እሱ ነው።

ነጭ ቅርፊት ከሆነ ኖራ ነው። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ጓሮዎች ላይ በብዛት ይታያል። ድስታችሁና ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ነገር ከሠራ፣ ቱቦ ውስጥም እየሠራ ነው። ከቅርፊቱ ላይ ትንሽ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ ነው። ቱቦውን ጠቅልላችሁ አቼቶ ወይም ሎሚ ያለበት ውሃ ውስጥ አሳድሩትና በብዙ ውሃ እጠቡት። በጣም ከጠነከረ አይለቅም። ያን ጊዜ መሰናበት ነው።

አረንጓዴና የሚያሙለጨልጭ ከሆነ አልጌ ነው። የሐይቅ ወይም የኩሬ ውሃ ላይ ይበዛል። ቢጫ ጀሪካን ወይም ነጭ በርሜል ፀሐይ ላይ ካስቀመጣችሁ ግን ከቧንቧ የመጣ ንጹሕ ውሃም ያበቅለዋል። ብርሃን ካላገኘ አያድግም። በርሜሉን ጥቁር ቀለም ቀቡት ወይም በጆንያ ሸፍኑት። ክዳንም አይጥፋ። ቱቦውን በትንሽ በረኪና ማጠብ ይቻላል። ውሃው ተክሉ ላይ ሳይሆን ውጭ ይፍሰስ።

አንድ ነገር በጥብቅ። አቼቶና በረኪና በፍጹም አይገናኙ። ሎሚም እንደዚያው። ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሁለቱንም መጠቀም ካስፈለገ በመሐሉ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ፣ በሌላ ቀን አድርጉት።

ፓምፕና የብረት ቧንቧ

ከጉድጓድ በፓምፕ ለምትስቡ፣ ደሴና ቆቦ እዚህ ላይ ይለያያሉ። ከላይ ቆሞ የሚስብ ፓምፕ ውሃውን የሚያገኘው በአየር ግፊት ነው። ባሕር ወለል ላይ በስሌት 10 ሜትር ገደማ ይስባል። ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፤ አየሩ ሳሳ ይላል። በስሌት እንኳ 7.5 ሜትር ገደማ ነው የሚቀረው። በተግባር ከ5 ሜትር ብዙም አትጠብቁ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ትንሽ ትሻላለች። ቆቦ ከዚያም ዝቅ ስለምትል የበለጠ ይስባል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «8 ሜትር ይስባል» የተባለ ፓምፕ ደሴ ላይ አየር ቢያጮህ ተበላሽቷል ብላችሁ አትቸኩሉ። ወይ ፓምፑ ወደ ውሃው ዝቅ ይበል፣ ወይ ውሃ ውስጥ የሚጠልቀውን ዓይነት ግዙ።

ቆቦ የጠብታና የርጭት መስኖ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር በእርሻ ደረጃ የተሠራበት አካባቢ ነው። እዚያ ያላችሁ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ከጎረቤት አታጡም። መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

ፓምፑ ሲነሳ ሰዓት ከፈጀበት ሌላም የሚጠረጠር አለ። ከጉድጓዱ ስር ያለው ፉት ቫልቭ፣ ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚዘጋው፣ ቆሻሻ ይዞት አይዘጋም ይሆናል። እሱን ማጽዳት ቀላል ነው። ያለ ውሃ ማስጮህ ግን የፓምፑን ማሸጊያ ያቃጥላል። መብራቱን ከቆጣሪው ሳታጠፉ ፓምፕ አትንኩ፣ እጃችሁ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ።

የብረት ቧንቧ ያለው ቤት የራሱ መከራ አለው። አሮጌ የብረት መስመር እንደ ሹራብ ነው፤ አንዱን ክር ስትስቡ ሌላው ይተረተራል። የሚያፈስ ጎሚቶ (የማዕዘን ማገናኛ) ለመፍታት ስትታገሉ ከጀርባው ያለው ዝገት የበላው ክር ይሰበራል። እሱን ልትቀይሩ ስትሉ ቀጣዩ። ስለዚህ ክሩ ከዛገ በኃይል አትፍቱት። ደህና የሆነው ቦታ ላይ ቆርጦ፣ ክር አውጥቶ፣ ዩኒየን (ተፈትቶ የሚገጠም ማገናኛ) ማስገባት ነው። ይህ የክር ማውጫ ስለሚፈልግ ለቧንቧ ሠራተኛ ስጡት። ቴፍሎን ብቻ ከሆነ የቀረው ራሳችሁ ጠቅልሉ። ክሩን ወደናንተ አዙራችሁ፣ ሰዓት ወደሚዞርበት አቅጣጫ። በተቃራኒው ከጠቀለላችሁት ስታጠብቁ ይፈታል።

ለቧንቧ ሠራተኛ መስጠት

አጭር ነው። የቤት ቧንቧ ሠራተኛ ብረትና ፒፒአር የሚባለውን ጠንካራ የፕላስቲክ ቧንቧ ያውቃል። ፒፒአር በሙቀት ማሽን ስለሚበየድ ያለ እሱ አይሆንም። የጠብታ መስኖ ግን ሁሉም አያውቅም። አንዳንዱ «አብሽሩ፣ ቀላል ነው» ብሎ ይጀምርና በቀጭኑ ቱቦ ላይ የሻወር ግፊት ይለቅበታል። ቱቦው በየቦታው ይፈነዳል፣ ሒሳቡ ግን ይከፈላል። እስከ ማጣሪያው ድረስ እሱ ይሥራ፣ ከዚያ ወዲያ እናንተ። ዋጋውንም በሥራ እንጂ በቀን አትስማሙ።

ነቅሎ አዲስ መዘርጋት

ቱቦው ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ግማሽ ያህሉ ቀዳዳ ከሞተ፣ አትድከሙ። ነቅላችሁ አዲስ ዘርጉ። አዲስ ሲባል ሁሉም ነገር አይደለም። በርሜሉ ይቆያል፣ ዋናው መስመርም ደህና ከሆነ ይቆያል። የሚቀየሩት ቀጫጭኖቹ ናቸው። ዋጋ አልጽፍም፤ ሳምንት ሳይሞላ ይቀየራል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቱቦውንና ማገናኛውን ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን ግዙ። ጥቂት ትርፍ ማገናኛም ጨምሩ። ከዓመት በኋላ ያንኑ መጠን ማግኘት ዕድል ነው።

ደሴ ውስጥ ደልዳላ ጓሮ ያለው ጥቂት ነው። ኩታበር መንገድ ላይ፣ ገራዶ ቁልቁለት ላይ ያለው ደግሞ ባሰበት። በርሜል 1 ሜትር ላይ ተቀምጦ ጓሮው 1 ሜትር ከወረደ፣ ታች ያለው ቀዳዳ ላይ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። የታችኛው ቲማቲም ይዋኛል፣ የላይኛው ይጠወልጋል። መፍትሔው ቱቦውን ቁልቁል አለመዘርጋት ነው። እንደ እርከን አግድም ዘርጉት። ለእያንዳንዱ እርከን አንድ መዝጊያ አድርጉና ግፊቱን በእጅ አመጣጥኑ።

ሻጩ «ግፊት የሚያስተካክል» የሚባል ቱቦ ሊያሳያችሁ ይችላል። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ዋጋውም ውድ ነው። ለመሥራት ግን አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ባር ገደማ ይፈልጋል። ያ ማለት 5 ሜትር ከፍታ ነው። በርሜል ላይ ብታስሩት በቅጡ አይሠራም። ፎቅ ላይ ሮቶ ያለው ወይም ፓምፕ የሚጠቀም ሰው ይግዛው።

ከመግዛት በፊት ውሃው ይበቃ እንደሆነም አስሉ። በሞቃት ደረቅ ወር ቆላ ላይ አንድ ካሬ ሜትር አትክልት በቀን ወደ 5 ሊትር ይጠጣል። ደጋ ላይ ያንሳል። 20 ካሬ ሜትር ጓሮ በቀን 100 ሊትር ማለት ነው። አንድ በርሜል ሁለት ቀን አይዘልም። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ስሌት ከቱቦው ዓይነት በላይ ወሳኝ ነው። በየስንት ቀኑ ነው የሚመጣው? በዚያ አባዙት። ያ ሁሉ ውሃ የት ይቀመጣል? ቦታ ከሌለ ጓሮውን አሳንሱ።

ወደ ባልዲና ቦይ መመለስ

ይህን ምርጫ ሰው ያፍርበታል። እኔ አላፍርበትም። አንድ መደብ ቆስጣና ሰላጣ፣ ጥግ ላይ ጤና አዳምና በሶብላ ያለው ሰው የጠብታ መስኖ አያስፈልገውም። ማጠጫ ይዞ ማታ ማታ ይዞርበታል። የቱቦ ጥገና ከሚፈጀው ጊዜ ማጠጣቱ ያንሳል።

ጥቂት የሎሚና የፓፓያ ዛፍ ብቻ ላለውም እንዲሁ። ግንዱን ሳይነካ ዙሪያውን ጎድጎድ አድርጎ፣ ሣር ጎዝጉዞ፣ በሳምንት አንድ ሁለቴ በደንብ ማጠጣት ይበቃዋል። ጉዝጓዙን አትናቁት። ፀሐይ የምትወስደውን ውሃ ያስቀራል። ከግንዱ ግን ትንሽ ይራቅ፣ አለዚያ ግንዱ ይበሰብሳል።

መርሳና ግራና አካባቢ በቦይ ተራ ለሚያጠጡት ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ተራ ሲደርስ ውሃው በብዛትና በአንዴ ነው የሚመጣው። ጠብታ ደግሞ በጥቂቱና በየቀኑ ነው የሚፈልገው። መሐላቸው ውሃ የሚይዝ ጉድጓድ ወይም ገንዳ ከሌለ ሁለቱ አይገናኙም። እንዲህ ከሆነ ቦዩን ጠርጎ መጠቀም ከማይሆን ቱቦ ጋር ከመታገል ያዋጣል። በቆሎና ሽንኩርት ቅሬታ የላቸውም።

ጠብታ በእርግጥ የሚያስፈልገው ውሃው ለሚያንሰው፣ ጓሮው ሰፋ ላለው፣ ቲማቲምና ቃሪያ በረድፍ ለሚተክል ነው። ቀን ሥራ ውሎ ማታ ለሚገባም ይመቻል። ቤት ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ስትለቁ ጠቅልላችሁ የምትወስዱትን በርሜልና ቱቦ እንጂ በብረት የተቀበረ መስመር አትሥሩ። አከራዩ አመስግኖ ያስቀረዋል።

ሰኔ ሲመጣ

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት የሚደረግ ሥራ አለ። ጫፎቹን ከፍታችሁ ቱቦውን እጠቡ። ውሃውን አራግፉ። በሰፊው ጠቅልላችሁ፣ ሳታጥፉ፣ ፀሐይና አይጥ የማይደርስበት ጣራ ስር ስቀሉት። ማጣሪያውን ፈትታችሁ አድርቁ። የበርሜሉን ደለል ገልብጡ። ትርፍ ማገናኛዎቹን ከቱቦው ጋር በፌስታል እሰሩ፤ ላዩ ላይ 16 ይሁን 17 በማርከር ጻፉበት።